ሁለተኛ እጅ፣ ግን ያልወደቀ

መጋቢት 2 ቀን

ይድረስ ለምወድሽ የወንድሜ ልጅ፤

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ለብቻው ሰላምታውን ያቀርባል። ባለቤቴም ደህና ናት፤ «እንደ ሰው ስልክ አትደውልም ወይ?» እያለች አጠገቤ ቆማለች። በስልክ የተባለ ነገር ይተናል። ደግሞም አርባ ዓመት የጽሕፈት መኪና ሲጠግን የኖረ ሰው በስተርጅና ስልክ ላይ ሲጮህ ቢገኝ ያሳፍራል።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። አባትሽ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ጡረታ ከወጣን ጀምሮ ከእኔ ጋር አንዲት ትንሽ አውሮፕላን ይሠራ እንደነበር ሳትሰሚ አትቀሪም። ሰው የሚሳፈርባት አይደለችም፤ መሬት ላይ ቆመው የሚያበሯት ሞዴል ናት። አካሏንና ጅራቷን የሠራሁት እኔ ነኝ። ክንፉ ግን የእሱ እጅ ነው። ስምንት ወር ሙሉ በብርጭቆ ወረቀት ሲያሻሸው ከረመ። «በቃ፣ ለስልሷል» ስለው «ለአንተ ጣት ነው የለሰለሰው፤ ለነፋስ ገና ነው» ይለኝ ነበር። ኮላው በደረቀ በሳምንቱ የሆነውን ታውቂዋለሽ፤ አልደግመውም።

ክንፉን እናትሽ ወሰደችው። በአንሶላ ጠቅልላ ቁም ሣጥኗ ውስጥ አቁማዋለች። እጁ የነካው የመጨረሻ ነገር ስለሆነ ወድቆ ከሚከሰከስ እዚያው ይቀመጥ ባይ ናት። እኔ ደግሞ ቁም ሣጥን ውስጥ ለሚቀመጥ ነገር ስምንት ወር ለምን ታሸ እላለሁ። ስንከራከር ከርመን በመጨረሻ «እንዳትወድቅ የሚያደርጋትን ነገር አምጥተህ አሳየኝና ክንፉን ውሰድ» አለችኝ። እናትሽ ቃሏን እንደማታጥፍ ታውቂያለሽ።

እንዳትወድቅ የሚያደርጋት ሬዲዮ ነው። ስለዚህ በአባትሽ ይዤሻለሁ፣ ካለሽበት ከተማ አንድ ሬዲዮ ፈልገሽ ላኪልኝ። ጥሩ ይሁን፤ ግን ርካሽ። ውድ ስለሆነ ብቻ ምንም አይፈይድም። ጎረቤታችን ፋርማሲስቱ የመጨረሻውን ውድ ገዝቶ አውሮፕላኑ ሰማይ ላይ ከቆየችው ይልቅ ዛፍ ላይ የቆየችው ይበልጣል። ብቻ አትዘግዪ፤ ከጡብ ፋብሪካው ጀርባ ያለው ሜዳ በሰኔ መጨረሻ ሊታጠር ነው። ከዚያ ወዲያ የምናበርበት ቦታ የለንም።

አክባሪሽ አጎትሽ

መጋቢት 26 ቀን

ለተከበሩ አጎቴ፣ ለጋሼ፤

እንደምን ከረሙ? እትዬንም ጉልበትዎንም ሰላም ይበሉልኝ። እኔ ደህና ነኝ። ሥራዬ ያው እሽግ መለየት ነው። ሳጥኑ በጎማ መንገድ ላይ እየተንሸራተተ ይመጣል፤ «ላኪ» እና «ተቀባይ» የሚለውን አነብና ወደየከተማው እወረውራለሁ። የእርስዎን ዕቃ ግን አልወረወርኩም፤ ሕፃን እንደማስተኛ ነው ያስቀመጥኩት።

ሬዲዮውን ሦስት ሱቅ ዞረን ነው የመረጥነው። ቁልፉ ትልልቅ ስለሆነ ለዓይንዎ አይከብድም። በድንጋይም በኤሌክትሪክም ይሠራል፤ የአሥራ ሁለት አገር ጣቢያ ይስባል፤ ዋጋውም ደህና ነበር። አውሮፕላን እንዳይወድቅ ሬዲዮ መስማት ምን እንደሚጠቅም ግን አልገባኝም። ምናልባት የአየር ጠባዩን ዜና ሊሰሙበት ይሆናል ብዬ ተጽናናሁ።

ስለ አባዬ ክንፍ ያነበብኩ ዕለት ሁለት እሽግ ወደማይሆን ከተማ ላክሁ፤ አለቃዬም ተቆጣኝ። እማዬ ከጠየቀችዎ «ልጅሽ ደህና ናት፣ ሥራ ብቻ ነው የያዛት» ይበሉልኝ።

የወንድምዎ ልጅ

ሚያዝያ 15 ቀን

ይድረስ ለምወድሽ የወንድሜ ልጅ፤

ሰላምሽ ይብዛ። ሬዲዮው ጭረት ሳይነካው ደርሷል። እንዲህ ያለ የሚያምር ሬዲዮ ዓይቼ አላውቅም። ችግሩ አንድ ብቻ ነው፤ አውሮፕላን አያበርም። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ በአውሮፕላኑ ጨዋታ «ሬዲዮ» የምንለው ከመሬት ሆነን የምንቆጣጠርበትን ዕቃ እንደሆነ ማስረዳት ነበረብኝ። ፋርማሲስቱ ሳጥኑን ስከፍት አጠገቤ ስለነበር ሳቁ አሸንፎት ግድግዳ ይዞ ቆመ። ባለቤቴ ሬዲዮውን ወዲያው ወደ ማድ ቤት ወሰደችው። «ሲዘጉት ዝም ይላል፣ ከአንተ ይሻላል» ብላኛለች።

መነጽሬ ከተሰበረ ወዲህ ለመጻፍ እጄ ፊደሉን ስለሚያውቀው አልቸገርም፤ የሚመጣልኝን የምታነብልኝ ግን እሷ ናት። እና «መረጥነው» ያልሽው ላይ ስትደርስ ጣቷን ወረቀቱ ላይ ተክላ «ከማን ጋር?» ብላ ቀረች። ከሥራ ጓደኛዋ ጋር ይሆናል ብያት አለፍን።

አሁን በደንብ ስሚኝ። አንድ ላኪ አለ፣ አንድ ተቀባይ አለ። ላኪው በእጅ የሚያዘው ነው፤ ተቀባዩ ሩቅ ነው ያለው። ሁለቱ ካልተጋቡ ለየብቻቸው ዋጋ የላቸውም። ላኪው ብዙ ተቀባይ ሊያውቅ ይችላል፤ ተቀባይ ግን አንዴ ከተጋባ የሌላ ላኪ ቃል አይሰማም፤ ጨዋ ነው። ቻናሉ፣ ማለትም ትእዛዙ የሚሄድበት መንገድ፣ አራት ከሆነ ይበቃል፤ ስድስት ከሆነ እሰየው። የፋርማሲስቱ አሥራ ሁለት አለው፣ ስምንቱ ሥራ ፈት ነው።

ሁለተኛ እጅ ቢሆን ግድ የለኝም፤ ዋናው ያልወደቀ መሆኑ ነው። አንዴ የወደቀ ከላይ ደህና ይመስላል፤ ውስጡ ግን ተሰንጥቆ ይቆይና ሰው ፊት ያዋርዳል። ርቀት ሲበዛ ዝም የሚልም አይሁን፤ እኔ ከሁሉም የምፈራው ዝምታውን ነው። ርካሽ ብዬሻለሁና ያገኘሽውን አንሺ ማለቴ አይደለም፤ መልኩም አያታልልሽ። ከመውሰድሽ በፊት ሞክሪው። ነገሩ እንደገባሽ አምናለሁ። ጊዜው እየሄደ ነው፤ እናትሽም እየጠበቀች ነው።

አክባሪሽ አጎትሽ

ግንቦት 4 ቀን

ለተከበሩ አጎቴ፣ ለጋሼ፤

ሰላምታዬ እንደወትሮው ነው።

ደብዳቤዎን አራት ጊዜ አነበብኩት። በመጀመሪያው ስለ ሬዲዮ መሰለኝ። በሁለተኛው እትዬ «መረጥነው» ላይ ጣታቸውን ተከሉ የሚለው ጋ ስደርስ ነቃሁ። እርስዎ ድሮም ነገር በቀጥታ አይናገሩም። ልጅ ሆኜ «ይህን በር ዛሬ ምን ነካው?» ሲሉ ተነሥተሽ ዝጊው ማለትዎ እንደነበር አልረሳሁም። ስለዚህ ሰሙን ገፍፌ ወርቁን አየሁት፤ ሳየውም አመመኝ።

«ተቀባይ አንዴ ከተጋባ የሌላ ላኪ ቃል አይሰማም፤ ጨዋ ነው።» ይህን ለእኔ ነው የሚሉት? ምን ሰምተው ነው? «ሁለቱ ካልተጋቡ ለየብቻቸው ዋጋ የላቸውም» ሲሉስ፣ ለብቻዋ የምትኖር ሴት ዋጋ የላትም ማለት ነው? «ከመውሰድሽ በፊት ሞክሪው» ያሉትንማ ደግሜ መጻፍ እንኳ ያሳፍረኛል፤ ከእርስዎ አፍ እንዲህ ያለ ምክር እሰማለሁ ብዬ አልጠበቅሁም። እሺ ይህን ሁሉ ልቻለው። ግን «ሁለተኛ እጅ» መሆኑን ማን ነገረዎ?

አዎ፣ ከዚህ በፊት አግብቶ ፈቷል። እኔን ከማወቁ ሦስት ዓመት በፊት ነው። አንዴ ወድቋል ከተባለ ወድቋል፤ ውስጡ ግን አልተሰነጠቀም፤ ይህን የማውቀው እኔ ነኝ። የአውቶቡስ ሹፌር ነው። ከተጋባን አሥር ወራችን ነው። ማክሰኞ ቀን፣ በምሳ ሰዓት፣ ማዘጋጃ ቤት ሄደን ሁለት ምስክር ባለበት ፈረምን፤ ከሰዓት በኋላ ሁለታችንም ሥራ ገባን።

ያልተናገርኩት አፍሬበት አይደለም። አባዬ ከሞተ ሁለት ወር ብቻ ሆኖት ነበር። ለቀብሩ አልደረስኩም፤ አፈሩ ሳይደርቅ አገባሁ ብዬ ለእማዬ በምን አፌ ልንገራት? ዛሬ ነገ ስል ዝምታው ራሱ ውሸት ሆነብኝ። እርስዎ «ከሁሉም የምፈራው ዝምታውን ነው» ሲሉ እንዳወቁብኝ ገባኝና አለቀስኩ። ይቆጡኝ፣ ይገባኛል። ግን በአባዬ ይዤዎታለሁ፣ ለእማዬ አይንገሩብኝ፤ እኔው ራሴ ቃሉን ፈልጌ እነግራታለሁ።

የወንድምዎ ልጅ

ግንቦት 23 ቀን

ይድረስ ለምወድሽ የወንድሜ ልጅ፤

እኔ የጻፍኩልሽ ስለ ሬዲዮ ነበር።

ስለ ሬዲዮ ብቻ። «ላኪ» ስል ላኪ፣ «ተቀባይ» ስል ተቀባይ ማለቴ ነው። ማጋባት የምንለው ሁለቱን ዕቃዎች አንዱ የሌላውን ቃል እንዲያውቅ ማድረግን ነው፤ ቁልፍ ተጭነሽ መብራቱ እስኪረጋ ትጠብቂያለሽ፣ በቃ። ሁለተኛ እጅ ስል አንድ ሰው የተጠቀመበት ዕቃ ማለቴ ነው። አርባ ዓመት ሙሉ ከዚህ እጅ ጥቁር ቀለም እንጂ ወርቅ ወጥቶ አያውቅም፤ አንቺ ከየት እንዳወጣሽው እንጃ።

አሁን የሆነውን ልንገርሽ፤ ቁጭ ብለሽ አንብቢው። ደብዳቤሽ የደረሰ ቀን እናትሽ የሬዲዮ ወሬ ካለ ልትሰማ መጥታ እኛ ቤት መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ ነበር። ባለቤቴ ጮክ ብላ ታነባለች። «ሁለተኛ እጅ መሆኑን ማን ነገረዎ» ላይ ስትደርስ እኔ ሳል ጀመርኩ። ባለቤቴ ሳሉ እውነት መስሏት ውኃ ልታመጣ ተነሣች፤ ወረቀቱን እናትሽ እጅ ላይ ትታው ሄደች። የቀረውን እናትሽ በልቧ አነበበችው። እስከ መጨረሻው፣ «ለእማዬ አይንገሩብኝ» የሚለውን ጭምር።

አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ወረቀቱን አጥፋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና «አሥር ወር ሙሉ ብቻዋን ናት እያልኩ የተንሰፈሰፍኩት ለማን ነው?» አለች። ከዚያ ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች። በማግሥቱ ስሄድ የቁም ሣጥኑን ቁልፍ አንገቷ ላይ አንጠልጥላዋለች። ስለ አውሮፕላኑ ብጠይቃት ስለ ዋጋ መናር አወራችኝ።

እኔም አልዋሽሽም፣ ተቀይሜሻለሁ። ሠርግ ባይኖር እንኳ ምርቃት ነበረን፤ ለዚያ ገንዘብ አይከፈልበትም። ሁለት ቀን ሙሉ ልቆጣሽ ብዕር ባነሣ የሚመጣልኝ አባትሽ ነው። ያንን ክንፍ ሲያሽ ስለ አንቺ ያወራ ነበር፤ «ብቻዋን እንዳትቀር ብቻ» ይል ነበር። እና ቁጣዬ ከሸፈ። ተባረኪ። እሱንም ተባረክ በይው፤ መሪ የሚያውቅ ሰው ቤተሰባችን ውስጥ አልነበረም።

አሁን ሜዳው ሊታጠር አንድ ወር ቀርቶታል፤ ክንፉ ተቆልፏል፤ እናትሽም እንደዚያው። ባልሽ ማሽን የሚያውቅ ከሆነ ሬዲዮውን እሱ ይፈልግልኝ። ላኪ ከነተቀባዩ፣ ከአራት እስከ ስድስት ቻናል፣ ርካሽ፣ ያልወደቀ፣ ሩቅ የሚሰማ። ይህ ሁሉ ሰም ነው፤ ከሥሩ ምንም የለም፤ እንዳትቆፍሪ።

አክባሪሽ አጎትሽ

ሰኔ 5 ቀን

ለተከበሩ አጎቴ፣ ለጋሼ፤

ጉልበትዎ እንዴት ነው? እኔ ሦስት ቀን ራሴን ይዤ ተቀመጥኩ። ባለቤቴ ደብዳቤዎን ሳነብለት መጀመሪያ ሳቀ፤ እማዬ ጋ ስደርስ ሳቁን አቆመ። «በይ ሬዲዮውን እንፈልግ» ብሎ ጫማውን አሰረ።

አዲሱ አይቀመስም፤ የሚያብለጨልጭ መስኮት ያለው የአንድ ወር ኪራያችንን ይበላል። ርካሹ ደግሞ መጫወቻ ነው፤ ሻጩ ራሱ ምልክቱ ከአጥር እንደማያልፍ ነገረን። በኋላ ባለቤቴ በሚሠራበት የአውቶቡስ ጋራዥ ውስጥ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ተገኙ። ዓይናቸው ሰማይ ላይ ያለችውን ነገር መከተል ስላቃተው ማብረር ትተዋል። ስድስት ቻናል ያለው፣ ከነተቀባዩ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ባለቤቴ «ወድቆ ያውቃል ወይ?» ብሎ ሲጠይቃቸው ተቀየሙ። «እኔ ወድቄ አውቃለሁ፤ እሱ ግን ወድቆ አያውቅም» አሉ። የጠየቁት ዋጋ የእርስዎን ማድ ቤት ሬዲዮ አያህልም።

ማጋባቱንም አሳዩን። ቁልፉን ሲጫኑት ቀዩ መብራት ተርገበገበና ረጋ። የእኛም ማዘጋጃ ቤት ከዚህ የረዘመ አልነበረም።

ከመውሰዳችን በፊት ሞከርነው፤ አደራ እንዳሉት። እሑድ የአውቶቡሶቹ ማቆሚያ ባዶ ነው። እኔ ላኪውን ይዤ በሩ ላይ ቆምኩ። እሱ ተቀባዩን ዝናብ እንዳይነካው በዳቦ ፌስታል አድርጎ፣ ጅራት የምታንቀሳቅሰዋን ትንሽ ሞተር አያይዞበት ሄደ። እኔ ማንሻውን በነካሁ ቁጥር ሞተሯ ስትዞር እጁን ያነሣል። እርምጃውን እየቆጠረ ሄደ፤ ዝናቡ ጠነከረ፤ እኔ እነካለሁ፣ እሱ እጁን ያነሣል። ዘጠኝ መቶ አርባ እርምጃ ላይ ቆመ። የቆመው ምልክቱ ጠፍቶ አይደለም፤ ግንብ ደርሶበት ነው። ያኔም እጁን አነሣ። እዚያ ቆሜ ይህን ሰው ለእናቴ ሳላሳያት አሥራ አንድ ወር መቆየቴ በጣም ቆጨኝ።

ለእማዬ ሦስት ጊዜ ደብዳቤ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀደድኩት። እሽጉን ስዘጋ ግን አንድ ነገር አደረግሁ፤ እንዳይቆጡኝ። «ላኪ» በሚለው ላይ የሁለታችንን ስም ጻፍኩ። «ተቀባይ» በሚለው ላይ የእርስዎን ሳይሆን የእማዬን። ሌላ ቃል አላስገባሁበትም።

የወንድምዎ ልጅ

ሰኔ 26 ቀን

ይድረስ ለምወድሽ የወንድሜ ልጅና ለባለቤትሽ፤

ጤናችሁን ይስጥልን። እሽጉ ደረሰ፤ አቤት ያመጣሽብኝ ጣጣ! እናትሽ ፈርማ ተቀበለችና ሁለት ቀን ሙሉ ሳትከፍተው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው። እኔ ሰበብ እየፈለግሁ ስመላለስ ዋልኩ፤ አንዴ ምስማር ልዋስ፣ አንዴ ሰዓት ልጠይቅ። በሦስተኛው ቀን ጠራችኝ። ሳጥኑ አልተከፈተም፤ እሷ ግን «ላኪ» የሚለው ላይ ያሉትን ሁለት ስሞች በጣቷ እያሻሸች ነበር።

«ይህ ሰውዬ ማነው?» አለችኝ። ደብዳቤሽን ከኪሴ አወጣሁ። ያንኑ ክፍል፣ ዝናቡንና የዳቦ ፌስታሉን፣ ራሷ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ዘጠኝ መቶ አርባ የሚለውን ደጋግማ በከንፈሯ አንቀሳቀሰችው። እውነት መሆኑን በምን እናውቃለን አለችኝ። በምንም አልኳት። እንግዲያው ሜዳ ውሰደኝ አለች።

ላኪውን እኔ ያዝኩ። እናትሽ ተቀባዩን ከነሞተሯ በጃንጥላዋ ሥር ይዛ ወደ ጡብ ፋብሪካው መሄድ ጀመረች። ማንሻውን ስነካ ጃንጥላው ከፍ ይላል። ፋርማሲስቱ መጥቶ አጠገቤ ቆመና ይህ ምን ዓይነት ፍተሻ ነው ብሎ ጠየቀኝ። የቤተሰብ ነው አልኩት። ጃንጥላው ከሩቅ የሸሚዝ ቁልፍ አክሎ ሲታይ እንኳ ከፍ ማለቱን የነገረኝ እሱ ነው። ተመልሳ ስትመጣ ጫማዋ ጭቃ ብቻ ነበር። «ዘጠኝ መቶ ሃምሳ» አለችኝ፤ አማችዋን አሥር እርምጃ በልጣ መመለሷ ነው። ከዚያ የቁም ሣጥኑን ቁልፍ ከአንገቷ አወለቀች።

ትናንት አበረርናት። አጥሩን የሚያቆሙት ሰዎች ችካል እየተከሉ ነበር፤ ለሰዓት ያህል ታግሰውናል። ክንፉን የሚያስሩት ብሎኖች አልታይ ስላሉኝ ፋርማሲስቱ አጠበቀልኝ፤ ከዛሬ ጀምሮ ስለ እሱ ክፉ አልናገርም። እናትሽ ጀርባዋን ሰጥታ ቆመች፤ አላይም ብላ። አውሮፕላኗ ተንደረደረችና ተነሣች። ልጄ፣ ክንፉ ነፋሱን ሲይዝ ምንም አላለም፤ ያ ሁሉ ብርጭቆ ወረቀት ለዚህ ኖሯል። እኔ አለቀስኩ፤ መነጽር ስለሌለኝ ባለቤቴ ግራ ቀኝ እያለች ትመራኝ ነበር። አውሮፕላኗ ሁለት ጊዜ ከዞረች በኋላ ቀና ስል እናትሽ ዞራ አንገቷን አቅንታ እያየች ነበር።

አራት ደቂቃ በረረች። ስትወርድ ትንሽ ቸኮልኩና አፍንጫዋ ሣሩን ነካ፤ ፕሮፔለሩ ተሰበረ። ከሁላችን ቀድማ የሮጠችው እናትሽ ናት። ተንበርክካ ክንፉን ከጫፍ እስከ ጫፍ በመዳፏ ዳሰሰችው። «ደህና ነው» አለች።

ዛሬ ይህን ስጽፍ አጠገቤ ተቀምጣለች። «ለእሷ የምትጽፈው ካለህ ይህን ጨምርበት» ብላኛለች፤ ቃል ሳልቀንስ እነሆ፦ «ሁለተኛ እጅ መሆኑ ግድ የለኝም። ያልወደቀ መሆኑን ግን በዓይኔ ካላየሁ አላምንም። ይዘሽው ነይ።»

እኔ ደግሞ ብዕሬን አቁሜ፣ ሬዲዮው ይኸው እዚሁ ጠረጴዛ ላይ አይደል እንዴ፣ ከየት ይዛው ትመጣለች አልኳት። ባለቤቴ በክርኗ ጎሸመችኝ። አሁን ገብቶኛል። ይዘሽው ነይ።

አክባሪያችሁ አጎታችሁ